ትልልቅ የቤት ዕቃዎችን በቤተሰብ መኪና ማጓጓዝ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ድሬዳዋ ውስጥ ከሰፈር ሰፈር ቤት ለሚቀይሩ፣ እንዲሁም ድሬዳዋ የገዙትን ወይም ያሠሩትን ዕቃ በገዛ መኪናቸው ጭነው ወደ ሐረር ለሚወጡ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። በመልሶቹ ውስጥ «መኪና» ሲባል ራቭ ፎርን፣ ቪታራን፣ ቱሳንንና የመሳሰሉትን ባለ አምስት መቀመጫ ኤስ ዩ ቪዎች ማለታችን ነው። ፕራዶ ወይም ላንድክሩዘር ያለው ሰው ቦታው ሰፋ ይልለታል እንጂ የሚጠነቀቅባቸው ነገሮች አይለወጡም።

ቁም ሳጥን፣ ቡፌ ወይም አልጋ በእንዲህ ያለ መኪና ይገባል ወይ?

ይህን የሚወስነው የኋላው በር አፍ ነው። የኋላ ወንበሮቹን አጥፎ ወደ ውስጥ የሚመለከት ሰው ቦታው ስለሚሰፋበት በቀላሉ ይታለላል፤ የበሩ አፍ ግን ከውስጠኛው ጣሪያ ዝቅ፣ ከውስጠኛው ግድግዳም ጠበብ ስለሚል፣ አንዴ ቢገባ ተደላድሎ የሚቀመጥ ዕቃ ደጃፉ ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ወይም ወደ እንጨት ሥራ ቤት ከመሄድዎ በፊት ሜትር ይያዙና ሦስት ቦታ ይለኩ፦ የበሩን አፍ ቁመትና ስፋት፣ ወለሉ ላይ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ባበጡበት ቦታ መካከል ያለውን ስፋት፣ እንዲሁም ከተዘጋው የኋላ በር እስከ ፊት ወንበሮች ጀርባ ያለውን ርዝመት። በመካከለኛ ኤስ ዩ ቪዎች የበሩ ቁመት ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር፣ በጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ደግሞ ከ1 ሜትር ከ60 እስከ 1 ሜትር ከ80 ይሆናል።

በእነዚህ ልኬቶች መሠረት ኮመዲኖ፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ፣ የጫማ መደርደሪያ፣ አነስተኛ ጠረጴዛና ወንበሮች ያለ ችግር ይገባሉ። ቡፌ የላይኛውና የታችኛው ክፍሉ የሚለያይ ከሆነ በሁለት ዙር ይሄዳል። ቁመቱ 2 ሜትር የሚደርስ ቁም ሳጥን ግን ሳይፈታ አይገባም፤ ሻጩ «ይገባል፣ እኔ አስገባልዎታለሁ» ቢልዎትም ሜትርዎን ይመኑ። ዕቃውን ሲለኩ እጀታውን፣ እግሩንና አናቱ ላይ ያለውን ክፈፍ አብረው ይቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው እነዚህ ተርፈው የሚወጡት ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ናቸው።

ዕቃውን መፍታት ይሻላል ወይስ እንዳለ መጫን?

በእኛ አስተያየት ሳይጎዳ ሊፈታ የሚችል ዕቃ ሁሉ ተፈትቶ መጫን አለበት። አልጋ ራስጌው፣ ግርጌው፣ ሁለቱ ጎኖቹና ርብራቡ ተለያይተው ሲደራረቡ የሚይዘው ቦታ እጅግ ትንሽ ነው። የጎን እንጨቶቹ ወደ 2 ሜትር ስለሚጠጉ በጋቢናው የተሳፋሪ ወንበር በኩል ወደ ፊት መዝለቅ ሊኖርባቸው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ወንበሩ ወደ ኋላ ይጋደማል፣ ሰው አይቀመጥበትም፣ የእንጨቱም ጫፍ ከማርሽ እጀታውና ከሾፌሩ ክንድ እንዲርቅ ሆኖ ይታሰራል። የሜትር ከሰማንያ አልጋ ራስጌ ብቻ በሰያፍም ቢሆን ላይገባ ይችላልና አስቀድሞ መለካት ይገባል።

ሁሉም እንጨት ግን መፈታትን እኩል አይችልም። ከዋንዛ ወይም ከሌላ ደህና ጣውላ የተሠራ ዕቃ በብሎን እስከተያያዘ ድረስ ደጋግሞ ቢፈታና ቢገጠም አይከፋውም። ኤም ዲ ኤፍና ቺፑድ ግን ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ የተጋገሩ ስለሆኑ፣ ቪቱ በወጣና በገባ ቁጥር ቀዳዳው እየሰፋ ይሄድና በመጨረሻ አልይዝ ይላል። እንዲህ ያለውን ቁም ሳጥን በሮቹን፣ መሳቢያዎቹንና መደርደሪያዎቹን ብቻ ማውጣት፣ ዋናውን አካል ደግሞ ከተቻለ አለመንካት ይመረጣል። ገና ሊያሠሩ ከሆነ ለአናጢው ከመጀመሪያው «በብሎን የሚፈታ ይሁንልኝ» ብለው ይንገሩት፤ በሙጫና በምስማር የተያያዘውን በኋላ መፍታት ማለት መስበር ማለት ነው። ከመፍታትዎ በፊት እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ብሎኖቹንም በፌስታል ቋጥረው ከወጡበት እንጨት ጋር በስኮች ያጣብቁ።

ሶፋስ?

ባለ ሦስት ሰው ሶፋ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 2 ሜትር ስለሚሆን በመኪናው ውስጥ አይገባም፤ በዚህ ላይ መድከም አያስፈልግም። ኤል ሼፕ የሚባለው ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ የሚለያይ ስለሆነ አጭሩ ክፍል ሊገባ ይችላል፤ እግሮቹ ተሽከርክረው የሚወጡ መሆናቸውን አገላብጠው ይመልከቱ። በዚህ ረገድ መጅሊስ የሚመርጡ ቤተሰቦች ዕድለኞች ናቸው፤ ፍራሹና መደገፊያው ቀላል፣ ተደራራቢና ተጣጣፊ ስለሆነ የአንድ ክፍል መጅሊስ በአንድ ጉዞ ሊያልቅ ይችላል።

ፍራሽን ጣሪያ ላይ መጫን ይቻላል?

ይቻላል፤ ነገር ግን ሰዎች ከሚያስቡት በላይ አስቸጋሪ ጭነት ነው። ፍራሽ ክብደቱ ትንሽ፣ ገላው ግን ሰፊ ነው፤ ሜትር ከሃምሳ በሜትር ከዘጠና የሆነ ፍራሽ ለነፋስ የሚሰጠው ስፋት ወደ 3 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ነፋሱ ከፊቱ በታች ሲገባ ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ኃይሉም ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሳይሆን በፍጥነቱ እጥፍ በእጥፍ ስለሚጨምር፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ የሚገጥመው ግፊት በ40 ከሚገጥመው አራት ጊዜ ይበልጣል። በመስኮት እጁን አውጥቶ ፍራሽ የሚይዝ ተሳፋሪ ከተማ ውስጥ ይታያል። ያ እጅ አንድ ጊዜ ነፋስ ከገባ ምንም ሊያቆም አይችልም፤ ሊያተርፍ የሚችለው የተሰበረ ክንድ ብቻ ነው።

የስፖንጅ ፍራሽ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው ጠቅልሎ በጠንካራ ገመድ ሦስት ቦታ አስሮ ውስጥ ማስገባት ነው። የስፕሪንግ ፍራሽ መጠቅለልም መታጠፍም ስለማይችል ጣሪያ ላይ ካልሆነ አይሄድም። ያን ጊዜ ፍራሹ ፖርቶ መጋላ ላይ ይነጠፋል፤ ከላዩ በግራና በቀኝ ሁለት ቦታ ይታሰራል፤ በተጨማሪም ከፊቱ ወደ መኪናው የፊት መጎተቻ፣ ከኋላው ወደ ኋላ መጎተቻ የሚወርድ ገመድ ያስፈልገዋል። የጎን ማሰሪያ ብቻ ያለው ፍራሽ በፍሬን ጊዜ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ በነፋስ ጊዜም ከፊቱ ይገነጠላል። ፖርቶ መጋላ የሌለው ሰው ገመዱን በመኪናው ውስጥ የሚያሳልፍ ከሆነ በተከፈቱ በሮች እንጂ በመስኮቶች ማሳለፍ የለበትም፤ በመስኮት ካሰረው በሮቹ አይከፈቱምና አደጋ ቢመጣ መውጫ ያጣል።

ገመዱን በተመለከተ፣ በየሱቁ የሚሸጠው የናይለን ገመድ ሲወጠር ስለሚለጠጥ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ከሄዱ በኋላ ይላላል፤ የቃጫ ገመድ ብዙም አይለጠጥም። የሁሉ የበላይ ግን ጠፍጣፋው ማጥበቂያ ያለው የጭነት ቀበቶ ነው። ሲባጎ ካርቶን ለማሰር እንጂ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጣሪያው ስንት ኪሎ ይችላል?

በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። በዚህ ዓይነት መኪኖች ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ግራም ሲሆን፣ የፖርቶ መጋላው የራሱ ክብደትም በዚሁ ውስጥ ይታሰባል። ከዚያ በላይ መጫን ጣሪያውን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ክብደት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መኪናው መታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ያጋድላል። ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ ደግሞ ከመታጠፊያ በቀር ሌላ የለውም ማለት ይቻላል። የዋንዛ ቁም ሳጥን ጣሪያ ላይ እንዲሄድ ፈጽሞ አንመክርም።

ዕቃው ተርፎ የኋላው በር ባይዘጋ፣ ከፍቼ መሄድ እችላለሁ?

የዚህ ልማድ ትልቁ አደጋ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። በር ተከፍቶ ሲነዳ ከመኪናው ጀርባ የሚፈጠረው የአየር ሽክርክሪት የጭስ ማውጫውን ጭስ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ራስ ምታትና ድንዛዜ አምጥቶ ሾፌሩን ሊያስተኛ ይችላል። ከሳቢያን እስከ ከዚራ ለሚሆን አጭር መንገድ፣ የፊት መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው፣ በዝግታ ተነድቶ ማለፍ ይቻል ይሆናል። ወደ ሐረር ግን በተከፈተ በር አይሄዱ። በአጭሩም መንገድ ቢሆን በሩ ወደ ታች ተስቦ ይታሰር፣ ተርፎ በወጣው ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ይንጠልጠል፣ ታርጋውና የፍሬን መብራቱም ለኋለኛው ሾፌር ይታዩ።

ውስጥ የተጫነው ዕቃ ለምን ይታሰራል? በሩ ተዘግቶ የለም?

በሩ ዕቃውን ከመውደቅ ይጠብቀዋል፤ እርስዎን ከዕቃው ግን አይጠብቅም። መኪና ድንገት ሲቆም ያልታሰረ ዕቃ በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላል፣ ከፊቱም ያለው የሾፌሩ ማጅራት ነው። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ከታች ሆኖ የፊት ወንበሮቹን ጀርባ ተደግፎ ይቀመጣል፣ ወለሉ ላይ ካሉት ቀለበቶች ጋር ይታሰራል፤ በዕቃዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም በብርድ ልብስና በትራስ ይሞላል። መስተዋትና የቡፌ መስታወት ተጋድመው ሳይሆን በጠርዛቸው ቆመው፣ በሁለት ለስላሳ ነገሮች መካከል ተጣብቀው ይሄዳሉ፤ የተጋደመ መስተዋት በመጀመሪያው ጉድጓድ ይሰነጠቃል። ልጆች ከዕቃው አጠገብ እንዲቀመጡ ወይም ዕቃውን እንዲይዙ ማድረግ አይገባም። እነርሱ በሌላ ዙር ወይም በባጃጅ ይምጡ።

ደንገጎን ጭነት ይዞ መውጣትና መውረድ እንዴት ነው?

የዚህ ገጽ ዋና ጉዳይ ይህ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ ከአምሳ ኪሎ ሜትር ትንሽ በሚበልጠው መንገድ ላይ አብዛኛው ዳገት ከድሬዳዋ እስከ ደንገጎ ባለው ክፍል ተጨምቋል። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ሐረር ያልገባው ይህን ተራራ መውጣት ስለከበደ ነበር፤ ድሬዳዋም የተቆረቆረችው ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ስለቀረ ነው። ባቡሩ የተወውን ዳገት ቁም ሳጥን ጭኖ የሚወጣ ሰው ቸኩሎ ሊወጣው አይገባም።

ከመነሣትዎ በፊት የጎማዎቹን ንፋስ ያስለኩ። በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ያለው ጽሑፍ ለባዶ መኪናና ለሙሉ ጭነት የተለያየ መጠን ይሰጣል፤ ለጎሚስታው የሙሉ ጭነቱን ይንገሩት። ኋላው የከበደ መኪና አፍንጫውን ስለሚያነሣ መብራቱ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታል፤ ይህም ከብዙ ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ጉዞውን በቀን ማድረግ ይመረጣል። ሲወጡ የሞተሩን ሙቀት ጠቋሚ ይከታተሉ፤ ከፍ ካለ አየር ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፣ ካልወረደም ዳር ይዘው ያሳርፉት። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደሄዱ ወርደው ገመዱን እንደገና ማጥበቅ ይገባል፤ ምንም ያህል ቢጠብቅ፣ ዕቃው ቦታውን ሲይዝ ገመዱ መላላቱ አይቀርም።

ከመውጣቱ ይልቅ የሚያስፈራው መውረዱ ነው። ከሐረር ዕቃ ጭኖ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጦ ከያዘ ሸራው ይግላል፣ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል፤ የፈላ ዘይት ውስጥ አረፋ ስለሚፈጠር ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ደንቡ ሽማግሌ ሾፌሮች የሚሉት ነው፦ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ይውረዱት። በእጅ ማርሽ ከሆነ 2ኛ ወይም 3ኛ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ዝቅተኛው የማርሽ ቦታ ተይዞ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ይደረጋል፤ ፍሬኑ አልፎ አልፎ ጠበቅ ተደርጎ ይረገጥና ይለቀቃል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከላላ ሰፋ ያለ ዳር ፈልገው ይቁሙና ጎማዎቹን ያሳርፉ፤ ውኃ አያፍሱበት፣ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ ኤስ ዩ ቪዎች በዝተዋል፤ እነርሱን የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ኃይሉን ወደ ባትሪው እየመለሰ መኪናውን ይይዛል፤ ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚመለሰው ኃይል መግቢያ ስለሚያጣ ይህ እገዛ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለሆነም ሐረር ላይ እስከ መቶ በመቶ ሞልቶ ወዲያው ቁልቁለቱን ከመጀመር፣ ለመመለሻው የተወሰነ ቦታ ትቶ መሙላት ይሻላል።

በመንገዱ ላይ ሌላው የሚያስቸግር የአወዳይ ከተማ ነው። ገበያው መንገዱን ስለሚያጠብበው፣ ጫት የጫኑ መኪኖችም ከሰዓት ጋር ስለሚሽቀዳደሙ፣ ጣሪያው ላይ ዕቃ የያዘ ሾፌር ቅድሚያውን ለነርሱ ቢተውላቸው አይጎዳም።

ፍሪጅ አጋድሞ መውሰድ ያበላሸዋል?

ቆሞ መሄድ አለበት፤ በኤስ ዩ ቪ ግን ትልቁ ፍሪጅ ቆሞ አይገባም። ግድ ሆኖ ከተጋደመ በጀርባው ሳይሆን በጎኑ ይሁን፣ በሩም ይታሰር። ሲጋደም የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦዎቹ ሊፈስ ስለሚችል፣ ቤት ከደረሰ በኋላ አቁመው ለበርካታ ሰዓታት፣ ቢቻል እስከ ማግስቱ፣ ሳይሰኩት ያቆዩት።

ቤቴ ጀጎል ውስጥ ነው። ዕቃውን እስከ ደጄ ማድረስ እችላለሁ?

መኪናዎ ከሐረር በር እስከ ፈረስ መጋላ ባለው ሰፊ መንገድ ይገባል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ መተላለፊያዎች ግን ለሰውና ለአህያ እንጂ ለመኪና አልተሠሩም። ስለዚህ ጀጎል ለሚኖር ሰው ከመኪናው በር ይልቅ የሚወስነው የመተላለፊያው መታጠፊያ ነው። ምሳሌ እንስጥ፦ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነ መንገድ በቀጥተኛ ማዕዘን ወደ ሌላ 1 ሜትር መንገድ ሲታጠፍ፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዕቃ ተጋድሞ ማለፍ የሚችለው ርዝመቱ ከ1 ሜትር ከ60 ብዙም ካልበለጠ ነው። ከዚያ የረዘመው ቆሞ መያዝ አለበት፤ ቆሞ ሲያዝ ደግሞ የግቢው በር ጉበን ሊያስቀረው ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት ከሚወርድበት ቦታ እስከ ቤትዎ ድረስ በእግርዎ እየሄዱ ጠባቡን መታጠፊያና ዝቅተኛውን በር ይለኩ።

ግድግዳውን መፋቅ ወይም የግንቡን ጥግ ቆርሶ ማሳለፍ የማይታሰብ ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ግድግዳውም የጎረቤትዎ ነው። በነገራችን ላይ፣ የቆየውን የሐረሪ ቤት የሠሩት ሰዎች ይህን ችግር ከሥሩ አስቀርተውት ነበር፤ ግድር ጋር በሚባለው ዋና ክፍል ውስጥ ያሉት ነደባዎች፣ በየደረጃው ከፍና ዝቅ ብለው ከቤቱ ጋር አብረው የተገነቡ መቀመጫዎች ስለሆኑ፣ ምንጣፍና ትራስ እንጂ ሶፋ አይፈልጉም። ባህላዊ ቤት ያለው ሰው ሶፋ ከማዘዙ በፊት ይህን ደግሞ ቢያስብበት እንወዳለን።

ዝናብና ሙቀትስ?

ኤም ዲ ኤፍ ውኃ ከጠጣ ያብጣል፣ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም። ጣሪያ ላይ የሚጫን ዕቃ ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ ቢሆንም እንኳ በሸራ ወይም በወፍራም ላስቲክ ይሸፈን፤ ደንገጎን ሲያልፉ ሌላ አየር ሊጠብቅዎት ይችላልና። በድሬዳዋ ሙቀት ስኮች በቀጥታ በተቀባ እንጨት ላይ ከተለጠፈ ሙጫው ቀልጦ ቀለሙን ይዞ ይነሣል፤ ከሥሩ ጨርቅ ወይም ካርቶን ያድርጉ።

ድሬዳዋ ውስጥ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚሻገሩ ሰዎች ደረቁን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ እንደ አቋራጭ ባይጠቀሙበት ይሻላል። ጎርፉ የሚመጣው ከደጋው ስለሆነ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል፤ የሐምሌ 1998ቱ ጎርፍ ያደረሰውን ጥፋት ከተማው አይረሳውም። የከበደ መኪና አሸዋ ውስጥ ቢሰምጥ ቶሎ አይወጣም። ድልድይ አለ፣ በእርሱ ይሂዱ።

መቼ ነው ፒካፕ ወይም አይሱዙ መከራየት ያለብኝ?

በሩ ካልተዘጋ፣ ዕቃው ሁለት ሰው የማያነሣው ከሆነ፣ ወይም ከሦስት ዙር በላይ የሚያስኬድ ከሆነ ይከራዩ። ከድሬዳዋ ሐረር ሦስት ጊዜ ደርሶ መመለስ የሚፈጀው ነዳጅና ጎማ ሲታሰብ የራስ መኪና ርካሽ የሚሆነው በአእምሮ ብቻ ነው። በሌላ በኩል የጎረቤትን ዕቃ በግል ታርጋ መኪና በክፍያ መጫን ራሱን የቻለ የኪራይ ሥራ ስለሆነ ፈቃድ ይጠይቃል፣ አደጋ ቢደርስም ኢንሹራንሱ ላይሸፍነው ይችላል። አዲስ ዕቃ ከሆነ ፍተሻ ቢያጋጥም እንዲያሳዩት ደረሰኙን በእጅዎ ይያዙ።

ከጫኝና አውራጅ ጋር ዋጋው ዕቃው ከመሬት ሳይነሣ መነጋገር አለበት፤ ማውረዱን፣ ፎቁንና የመተላለፊያውን ርቀት ጨምሮ። ጀጎል ውስጥ «እስከ ፈረስ መጋላ» እና «እስከ ቤት» ሁለት የተለያዩ ዋጋዎች ናቸው፤ የትኛውን እንደተስማሙ ሁለታችሁም በግልጽ ተናገሩ።